የተስኒም ትራስ

ኡም ሰያል፣ አቡ ሐመድ አጠገብ
የሰፈር ወር 14 ቀን 1439 ሂጅራ

ለተከበሩ አጎቴ አብዱልባቂ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ባሉበት አገር ጤናዎን ይጠብቅ፣ ሥራዎን ይባርክ። እኛ በእርሱ ፈቃድ ቆመናል። አባቴ፣ እናቴና አያቴ ሐቦባ ሰላም ብለውዎታል። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልዎ ግን አንዳቸውም አያውቁም፤ ሰላምታውን በስማቸው ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

በስልክ ያላወራሁዎ፣ በቤታችን ስልክ ያለው አባቴ ብቻ ስለሆነ ነው። ሲያወራም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቤቱ ሁሉ እያሰማ ነው። ደግሞም የምልክልዎ ዕቃ አለ፤ ዕቃ በስልክ አይላክም።

እህቴ ተስኒም ከሞተች ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኗ ነው። በስልክ የሰሙት “ወባ ነው” የሚለውን ነው፤ ሐኪሙም ወረቀቱ ላይ የጻፈው እሱን ነው። እኔ ግን ያየሁትን ልንገርዎ። ከመሞቷ በፊት ሁለት ወር ያህል ምግብ አስጠልቷት ነበር። ሆዷ ይደርቃል፤ ፊቷ ነጣ። መራመድ ከጀመረች ዓመት ያለፋት ልጅ እንደ ገና እየተደናቀፈች ትወድቅ ጀመር። ትኩሳት አልነበራትም። በመጨረሻው ቀን ስታስመልስ ዋለች። ወደ ሆስፒታል ስንወስዳት መኪናው ውስጥ አንቀጠቀጣት፤ የያዝኳት እኔ ነበርኩ። ለስም ማውጣቷ ሲመጡ ያመጡላት ቀይ ጫማ ልክ የሆናት ገና ዘንድሮ ነበር።

ወባ ያለ ትኩሳት ይሆናል ወይ እያልኩ ስብሰለሰል የወርቅ ገበያው ዐወድ ትዝ አለኝ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ የመጣ ሰው ነው፤ “ዐወድ ሽጉጥ” ይሉታል። ሽጉጥ የመሰለ መሣሪያ አለው። ድንጋይ ላይ ደግኖ ቃታውን ሲስብ ውስጡ ምን እንዳለ በትንሿ መስኮት ያሳየዋል፤ ወርቅ ቆፋሪዎቹ ድንጋያቸውን ይዘው ይሰለፉለታል። እኔም የተስኒምን የትራስ ጨርቅ ይዤ ተሰለፍኩ። ያስመለሰችውም እንባዋም ደርቆበታል።

ዐወድ ደገነ፣ ቃታውን ሳበ፣ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ ሳቀ።

“አርሴኒክ! እንዲህ ያለ አርሴኒክ አይቼ አላውቅም! ወንድሜ፣ አርሴኒክ ካለ እኮ ወርቁ ሩቅ አይደለም። ይሄን ትራስ የት ነው የቆፈርከው? ጉድጓዱን አሳየን እንጂ!”

የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ።

“የሞተችው እህቴ ትራስ ነው” አልኩት።

መሣሪያውን አስቀመጠ።

አርሴኒክ የአይጥ መርዝ እንደሚሠራበት ከትምህርት ቤት አውቃለሁ። ቤት ስገባ እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር የለቅሶው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። “ተመርዛ ነው የሞተችው” አልኩ። እናቴ ወደ ሱዓድ በር ዞረች። የአባቴን ሁለተኛ ሚስት ሱዓድን ሠርጓ ላይ አይተዋታል። ወንድሟ የተምር ዛፍ መድኃኒትና የአይጥ መርዝ ነጋዴ ነው። ከዚያ በላይ የጠየቀ ሰው የለም። “ሱዓድ ናት” ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ። በማግስቱ የሦስት ወር ልጇን ሙጅተባን ታቅፋ፣ ወንዙን ተሻግራ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። አባቴ “እርግጡ ከታወቀ እፈታታለሁ፤ እስኪታወቅ ድረስ ስሟን እንዳታነሡብኝ” ብሏል።

እርግጡን ሊያውቁ የሚችሉት እርስዎ ነዎት። በሚሠሩበት የሲሚንቶ ፋብሪካ ላቦራቶሪ የዐወድ ዓይነት ግን ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን እንዳለ ነግረውኝ ነበር። የጨርቁን ግማሽ በላስቲክ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። እጅዎ ሙሉ ሳይሆን መጥተው አያውቁም፤ አሁን ግን ልብስም ስልክም አልፈልግም። የምፈልገው ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ አርሴኒክ መሆኑን የሚናገር። ሱዓድ ገድላት ከሆነ በወረቀት ይታወቅ።

ልጅዎ ሙዘሚል


ሱሃር፣ ኦማን
ረቢዐል አወል 2 ቀን

ለልጄ ለሙዘሚል፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ። አላህ የተስኒምን ማረፊያ ያስፋላት፤ ለእናትህና ለአባትህ ጽናቱን ይስጣቸው። እንደ ሰው መጥቼ፣ አባትህ ፊት ቆሜ ለለቅሶው ፋቲሃ እጄን ማንሳት ሲገባኝ በስልክ አጽናንቼ ቀረሁ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እንደሰጡኝ እመጣለሁ።

ጨርቁ ደርሶኛል። የማትወደውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ አርሴኒክ የለበትም።

ዐወድ አልዋሸህም፤ ተሳስቷል። የእሱም የእኔም ማሽን የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። ሁለቱም ራጅ ይረጫሉ። የተመታው ነገር ደግሞ መልሶ የራሱን ራጅ ያወጣል፤ ብረት የብረትን፣ መዳብ የመዳብን። ማሽኑ ያንን ተቀብሎ ወረቀት ላይ ጉብታ ጉብታ አድርጎ ይስለዋል፤ ጉብታው የቆመበትን ቦታ አይተህ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። ነገር ግን የአርሴኒክ የመጀመሪያ ጉብታና የእርሳስ የመጀመሪያ ጉብታ የሚቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው። እርሳስ ስልህ ከባዱን ብረት ማለቴ ነው። እነሱን የሚለያቸው ሁለተኛው ጉብታ ነው። ዐወድ መሣሪያውን ያዘጋጀው ለወርቅ ፈላጊ ነው። አርሴኒክን ፈልግ ብሎታል፤ እርሳስን ፈልግ አላለውም። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ የቆመውን ሁሉ አርሴኒክ ይለዋል። እኔ ሁለተኛውን ጉብታ አይቻለሁ። የእርሳስ ነው።

በማሽኑ ብቻም አላበቃሁም። የላቦራቶሪያችን አለቃ ኩሪያን የሕንድ ኬራላ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከአሲድ ጋር የኖረ። ወረቀቱን ሳሳየው በጣቱ ገፋው።

“ማሽኑ አለ፣ ማሽኑ አለ! አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሽን የተማረው ሲሚንቶ ነው፤ ስለ ትራስ ምን ያውቃል? በቱቦ አሳየኝ።”

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሱ ግን አንተ ልጅ ይለኛል። ከጨርቁ ላይ የጠቆረውን ቦታ ቆርጠን በአሲድ አሟሟነው። አዮዳይድ የሚባል ፈሳሽ ጠብ ሲያደርግበት ቢጫ ሆነ። አሞቀው፤ ቢጫው ጠፋ። ሲቀዘቅዝ ግን የወርቅ ብናኝ መስሎ፣ እያብረቀረቀ በቱቦው ውስጥ ተመልሶ ወረደ። አርሴኒክ እንዲህ አያደርግም። ኩሪያን ቱቦውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና “አሁን እርሳስ ነው በል” አለኝ።

እንግዲህ ጥያቄው ከየት መጣ ነው። በሰፈራችሁ አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጥ አለ? የአባትህ የወርቅ ወፍጮ አቧራ ቤት ይገባል? ተስኒም ትጠጣበት የነበረው ኩባያ ምን ዓይነት ነው? እጇ የደረሰበትን ሁሉ ትንሽ ትንሽ አድርገህ፣ ለየብቻ ጠቅልለህ ላክልኝ። ስለ ሱዓድ እስከዚያ አንድ ቃል አትጨምር። ማኅተም ያለበትንም ወረቀት አሁን አልልክልህም። ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ብልክ፣ በእሱ ሌላ ሰው ታባርሩበታላችሁ።

ለትምህርትህ የጎደለህን ጻፍልኝ። ለእናትህስ ምን ልላክላት? ለሐቦባስ?

አጎትህ አብዱልባቂ


ኡም ሰያል
ረቢዐል አወል 17 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤና ይስጥልኝ፤ አላህ ፈቃድዎን ያፍጥንልዎ። እኛ ደህና ነን።

እርሳስ የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ወረቀት አልነካሁም። ከባዱን ብረት ማለትዎ እንደሆነ ጽፈዋል። ግን ስሙ አንድ ነው፤ ተስኒም ደግሞ የእኔን እርሳስ ታኝክ ነበር። የቤት ሥራ ስሠራ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ደብተሬን እንዳትቀድ አንድ እርሳስ እሰጣታለሁ። ጥቁሩ እስኪወጣ ታኝከዋለች፤ ከንፈሯ ሲጠቁር እስቅባት ነበር። እሱን እርሳስ በመጀመሪያው ጥቅል አድርጌዋለሁ፤ የጥርሷ ምልክት አለበት። እኔ ከሆንኩ በግልጽ ይጻፉልኝ። አያለሳልሱልኝ።

ሁለተኛው ጥቅል ከአባቴ የሥራ ልብስ ያራገፍኩት የወፍጮ አቧራ ነው። ሦስተኛው ከኩባያዋ የተፋቀ ቀለም። ባትሪ የሚያቀልጥ የለም።

አራተኛው ኩል ነው። በተምር ለቀማው ሰሞን ዓይኗን ስላመማት ሐቦባ ጠዋትና ማታ ትኩላት ነበር፤ ተስኒምም ዓይኗን በጣቷ እያሸች ጣቷን ትጠባለች። እርስዎ ለሐቦባ ያመጡላት ኢስሚድ የሚባለው የኩል ድንጋይ ስለሆነ ምንም እንደሌለበት አውቃለሁ። ሐቦባም “የመካ ድንጋይ ነው” እያለች ለማንም አታካፍለውም። “እጇ የደረሰበትን ሁሉ” ስላሉኝ ነው የላክሁት። ያካፈለችው ለሱዓድ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ስትወጣ ግማሹን ሰብራ ሰጠቻት። “ጠባችሁ ከእናትየዋ ጋር ነው፤ ሙጅተባ ምን አደረገ? የእሱ ዓይን ይኳል” አለች። ሱዓድ ከቤታችን ከልጇ ሌላ ይዛ የወጣችው ያንን ብቻ ነው።

ምንም አልጎደለኝም። መልስዎን ብቻ።

ልጅዎ ሙዘሚል


ኡም ሰያል
ረቢዕ አሳኒ 13 ቀን

ለአጎቴ አብዱልባቂ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልስዎን ከጠበቅሁ ወር ሊሞላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ደውለው “ልጆቹን ኩል አትኳሉ፤ ሐኪም በቴሌቪዥን ሲናገር ሰማሁ” ማለትዎን ነገረን። ሐቦባ እስክታስል ሳቀች። “አብዱልባቂ እዚያ ሄዶ ሐኪም ሆነልን? እሱን ራሱን ገና ሳይጠባ የኳልኩት እኔ አይደለሁም? የቱ ዓይኑ ጠፋ?” አለች። አባቴም ሳቀ። ለሱዓድ የነገራት የለም፤ ስሟ አይነሣም ተብሏልና።

እኔ አልሳቅሁም። እርስዎ ለእረፍት ሲመጡ ኳስ እንኳ በቴሌቪዥን አያዩም።

አጎቴ፣ በአራተኛው ጥቅል ምን አገኙ? በመጀመሪያውስ? ደብዳቤዎ ከመጣ ጀምሮ እርሳስ አልያዝኩም። ጂኦሜትሪ እንኳ በእስክሪፕቶ እየሠራሁ አስተማሪው ሁለት ጊዜ ከክፍል አስወጥቶኛል። ምክንያቱን ልነግረው አልቻልኩም።

ሙዘሚል


ሱሃር
ረቢዕ አሳኒ 21 ቀን

ልጄ ሙዘሚል፣

ሰላምና የአላህ ምሕረት በአንተና በቤታችሁ ላይ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ሰው ነገ ይበራል። እንደደረሰህ፣ አንብበህ ሳትጨርስም ቢሆን፣ ወንዙን ተሻግረህ ሱዓድ ዘንድ ሂድ። ኩሉን ከልጁ ዓይን በውኃ ትጠበው፤ የኩሉን ብልቃጥ ማንም እንዳይኳልበት ትደብቀው። ልጁን ደም ወደሚመረምሩበት ወደ አትባራ ይውሰዱት፤ ያሸግሁትን ወረቀት ለሐኪሙ ያሳዩ። የጠየቅኸኝ ማኅተም አለበት።

አሁን የቀረውን አንብብ።

የአንተ እርሳስ ንጹሕ ነው። የጽሕፈት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤ ከሰል መሰል ነገርና ሸክላ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ሁለት ጊዜ በማሽን አየሁት፤ ኩሪያንም በአሲድ አየው፤ ምንም አልወጣም። የጥርሷን ምልክት ግን አልነካንም። ከዚህ ጋር መልሼ ልኬልሃለሁ። በአንተ በኩል የመጣ ነገር የለም፤ ይህን አላለሳለስኩልህም። አቧራውና የኩባያው ቀለምም ደህና ናቸው።

ኩሉ ከመቶ ሰማንያ እጁ እርሳስ ነው።

እውነተኛ ኢስሚድ ሌላ ማዕድን ነው፤ አንቲሞኒ ይሉታል፣ ጉብታውም ከእርሳስ በጣም የራቀ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ምንም አላየሁም። ድንጋዩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከመካ ዑምራ ስመለስ ከመስጊዱ በር ላይ ገዛሁት። ሻጩ በወረቀት ላይ አሽቶ “ወላሂ ኢስሚድ ነው” አለኝ፤ አመንኩት። ወደ እናንተ ከመምጣቴ በፊት ሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ላቦራቶሪ ስገባና ስወጣ ነበር። በየሰዓቱ የድንጋይ ዱቄት እየጨመቅሁ ለማሽኑ የማጎርስ ሰው ነኝ። ማሽኑ ከኪሴ ሁለት ክንድ አይርቅም ነበር። ስጦታ ስለሆነ አልመረመርኩትም።

ጥቅሎችህ በደረሱ ማግስት ይህን ሁሉ አውቄያለሁ። ወር ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አባትህ በስልክ ሲያወራ ለቤቱ ሁሉ እንደሚያሰማ ጽፈህልኝ ነበር፤ ያንን ፈርቼ የቴሌቪዥን ሐኪም ፈጠርኩ። በዚያ ወር ውስጥ ሙጅተባ በየቀኑ ተኩሏል። ይህንንም አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ፈቃዱን ከሰጡኝ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ሻንጣዬ እንደታሠረ አልጋዬ ሥር አለ።

ለአባትህ መንገሩንም አለመንገሩንም ለአንተ ትቻለሁ። ይህንን በልጅ ላይ መጣል እንደማይገባ አውቃለሁ።

አብዱልባቂ


ኡም ሰያል
ጁማደል ኡላ 24 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ አብዱልባቂ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከጭንቀት ያሳርፍዎ። ጽሑፌ ከደበዘዘብዎ ይቅርታ፤ የምጽፈው በእርሳስ ነው። የተስኒምን አይደለም፤ እሷን አስቀምጫታለሁ። ሌላ ገዛሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትምህርት ቤት ነው። ቤትም አልገባሁም፤ በቀጥታ ጀልባ ላይ ወጣሁ። በሩን የከፈተልኝ የሱዓድ ወንድም ነው።

“መርማሪው መጣ!” አለ ወደ ውስጥ እየጮኸ። “ዛሬ ደግሞ ማንን ልትተኩስ ነው? ሽጉጡን ይዘሃል ወይስ እዚያው ገበያ ተውከው?”

“ሱዓድን ፈልጌ ነው።”

“ገዳይዋን ማለትህ ነው?”

“ተወው፣ ይግባ” አለች ሱዓድ ከውስጥ። ሙጅተባ ጭኗ ላይ ነበር። ዓይኑ ዙሪያውን ጠቁሯል፤ ጡት እንቢ ካለ አራት ቀኑ እንደሆነ ነገረችኝ። ወረቀቱን ቆሜ አነበብኩላት። ሳታቋርጠኝ ሰማች፣ ልጁን አጠበች፣ ከዚያ ብልቃጡን አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

“ማሽኑ ስሜን ጠርቶ ነበር?” አለችኝ።

“አልጠራም።”

“ማን ጠራው?”

“እኔ።”

“የት ቦታ?”

“ቤት። ሴቶቹ ባሉበት።”

“እንግዲህ እዚያው ቦታ፣ እነሱው ባሉበት። እዚህ ጓዳ ውስጥ ይቅርታ ብትለኝ አልሰማህም። አሁን መኪና ፈልግልን።”

መኪናውን ወንድሟ ራሱ ነዳ። አትባራ ላይ በደሙ ውስጥ እርሳሱ ተገኘ። ሐኪሙ ማኅተሙን አይቶ ወዲያው መድኃኒት ጀመረለት፤ “ሁለት ሳምንት ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር” አለን። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛ። አሁን ይጠባል፣ ትራስ ደግፈውት ይቀመጣል። ደሙን በየወሩ ማየት አለባቸው።

ባለፈው ዓርብ ሴቶቹ እናቴ ዘንድ ሲሰበሰቡ ሱዓድ ልጇን ይዛ መጣች። አባቴም ነበረ። ቆሜ “ሱዓድን ያለ ጥፋቷ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ለተስኒም መርዝ የሰጣት ሰው የለም” አልኩ። ከኋላ ለተቀመጡትም እንዲሰማ ደገምኩት። ሱዓድ “ሰማሁ” አለች። እናቴ አላየቻትም። እጇን ዘርግታ ግን ሙጅተባን ተቀበለቻት፤ የሻሿን ጫፍ በውኃ ነክራ የጠራውን ዓይኑን እንደ ገና ጠረገችው። ደጋግማ ጠረገችው። ሱዓድም አልከለከለቻትም።

ከዚያ አባቴ “አብዱልባቂ የጻፈውን አንብብልን” አለኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩ። ስለ እርሳሴ ያለውን አነበብኩ፤ ኩሉ እርሳስ ነው የሚለውን አነበብኩ። ድንጋዩን ማን እንዳመጣው የሚለው ጋ ስደርስ አቆምኩ።

“ምነው?” አለ አባቴ።

“ቀለሙ ፈስሷል። አይነበብም።”

ሐቦባ ፊደል አትለይም። ቢሆንም እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ወሰደች፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ መለሰችልኝ።

“ቀለሙ ደረቅ ነው። ድንጋዩን ከእጁ የተቀበልኩት እኔ አይደለሁም? የፈጨሁትስ? የኳልኳትስ? ለዚህኛውም ሰብሬ የሰጠሁት? ጨርሰው ልጄ።”

ጨረስኩት። የሻንጣውንም ነገር አነበብኩት።

ሐቦባ ተነሥታ ብልቃጧን አመጣችና እኔ ካስቀመጥኩት የሱዓድ ብልቃጥ ጎን አስቀመጠችው። አባቴ ሁለቱንም ይዞ ወጣ። ዐወድ ሽጉጥ ዘንድ እንደወሰዳቸው በኋላ ሰማን። ዐወድ አሁን መሣሪያው እርሳስንም እንዲፈልግ አድርጎታል፤ ሴቶች ኩላቸውን ይዘው ከወርቅ ቆፋሪዎቹ ጋር ይሰለፋሉ፤ ሲያያቸውም አይቀልድም።

አባቴ ሲመለስ መብራት በርቶ ነበር። ወደ እኔ መጥቶ ቆመ።

“ለአብዱልባቂ ጻፍለት” አለኝ። “ለልጄ ፋቲሃ እጁን ያላነሣ ዘመድ እሱ ብቻ ነው የቀረው። ፈቃዱ ሳያልቅ ይምጣ።”

“ሌላስ ምን ልበልልህ?”

“ምንም እንዳያመጣ በለው። ለማንም። ባዶ እጁን ይምጣ።”

ልጅዎ ሙዘሚል